የወንዙ ጾም

አባቴ ለንደን የመጡ ዕለት ከሻንጣቸው መጀመሪያ ያወጡት በጋዜጣ የተጠቀለለ የአሳ መንጠቆ ነበር። እናቴ ከሞተች ገና ዓመት አልሞላትም። የእሷን ፎቶግራፍ ወይም ነጠላዋን ያወጣሉ ብዬ ስጠብቅ መንጠቆ ሳይ ተናደድኩ፤ ወዲያው ደግሞ ሳቄ መጣ። ዕድሜያቸውን ሙሉ በአሰብ መንገድ የጭነት መኪና የነዱ ሰው ናቸው። አዋሽ ሲደርሱ መኪናውን ጥግ አስይዘው ወንዙ ዳር ሳይቀመጡ ማለፍ አይሆንላቸውም ነበር። እናቴ በመዘግየታቸው ስትበሳጭ፣ "አንተ ያገባኸው እኔን ሳይሆን ወንዙን ነው" ትላቸው ነበር። እሳቸውም አይክዱም።

የምኖረው ሆሎዌይ፣ የምሠራው ደግሞ ዌምብሊ የልብስ መደብር ውስጥ ነው። ሥራ ስሄድ አባቴ ብቻቸውን ይውላሉ። የመጀመሪያዎቹን ወራት መስኮት ሥር ተቀምጠው ከአውቶቡስ የሚወርደውን ሰው ሲያዩ ነው ያሳለፉት። ያልተነካ ምግባቸውን እያነሳሁ መድፋት ሲመረኝ አንድ ቅዳሜ ሃክኒ ወስጄ ሊ የሚባለውን ወንዝ አሳየኋቸው። ዳር ዳሩን ዘንግ የያዙ ሽማግሌዎች ተቀምጠዋል። አባቴ ቆመው ብዙ አዩና፣ "እስከ ዛሬ የት ደብቀሽው ነው?" አሉኝ።

የአሳ ማጥመጃ ላይሰንስ አወጣሁላቸው፤ ዘንግ ገዛሁላቸው። አውቶቡሱን ራሳቸው ለመዱት። የተያዘው አሳ ወደ ውሃው ተመልሶ እንደሚለቀቅ ስነግራቸው ግን የማሾፍባቸው ነበር የመሰላቸው። "ልለቀው ነው እንዴ የምይዘው?" ብለው ለጥቂት ቀናት አኮረፉ። ከዚያ አንድ ምሽት ሲገቡ፣ "ዛሬ ሁለት ለቀቅኩ" ብለው ኮራ አሉብኝ። ያን ቀን እራታቸውን ጥርግ አድርገው በሉ።

የእጃቸው ነገር የመጣው በዚያው ክረምት ነው። ቀኝ እጃቸው ይንቀጠቀጥ ጀመር። ሐኪሟ መድኃኒቱ ያዘገየው ይሆናል እንጂ አያቆመውም አለችን። ቃሏን ለስላሳ አድርጌ ለመተርጎም ስንደፋደፍ አባቴ ፊቷን አይተው ጨርሰው ገብቷቸዋል። ከክሊኒኩ ወጥተን አውቶቡስ ስንጠብቅ፣ "በማንኪያ አንቺ ታጎርሺኛለሽ፤ ለሱ ግድ የለኝም። ዘንጉን ግን ትንሽ ጊዜ ልያዝበት" አሉኝ። እኔም ከዚያ ቀን ጀምሮ ሌላ የምመኘው ነገር አልነበረኝም።

ማርች አጋማሽ ላይ፣ ሁዳዴ ከተያዘ ሳምንታት አልፈው፣ ዘንጉን ጠራርገው ቁም ሳጥን ጀርባ አቆሙት። ወንዙ ዳር የሚያውቁት አንድ እንግሊዛዊ ሽማግሌ ወንዙ መዘጋቱን በምልክትም በቃልም አስረድቷቸዋል። ክሎዝ ሲዝን ይሉታል፤ አሳው እንቁላል የሚጥልበት ጊዜ ስለሆነ ማንም አይነካውም። ያዝናሉ ብዬ ስፈራ ጭራሽ ደስ አላቸው።

"ወንዙም ጾም ያዘ በይኛ" አሉ።

አባቴ በሁዳዴ አሳ አይበሉም። በቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ከቅዳሴ በኋላ ሽማግሌዎቹ አሳ ይበላል፣ አይበላም እያሉ ሲከራከሩ፣ እሳቸው ሁልጊዜ ከአይበላም ወገን ናቸው። እና እንግሊዝ አገር ወንዝ ራሱ ሲጾም ማየታቸው ክርክሩን ያሸነፉ አስመሰላቸው። ለሁሉም እየዞሩ ተናገሩ።

እኔ ያላወቅኩት፣ በልባቸው የያዙት ቀን እንዳለ ነው። አገራችን ሥጋ ቤቱ ሁዳዴ ሲገባ ይዘጋል፣ በፋሲካ ይከፈታል። በጾም መካከል የተዘጋ ነገር በፋሲካ እንደሚከፈት ለማወቅ ለአባቴ ማንንም መጠየቅ አያስፈልጋቸውም። ለእኔም አልመጣልኝም እንጂ ቢመጣልኝ እንደዚያው ነበር የማስበው።

የፋሲካ ማግስት ዕረፍት ነበርኩና አብሬያቸው ሄድኩ። የአገር ልብሳቸውን ከኮታቸው ሥር እንደለበሱ፣ ዘንጋቸውን እንደ ከዘራ ይዘው፣ ከድፎ ዳቦው ለአሳው ቆርሰው ይዘዋል። ወንዙ ዳር ማንም የለም። "ሁሉም ተኝቷል፤ ሌሊቱን ሲበላ አድሮ" አሉና ተቀመጡ። ክሩን ሳይጥሉ የወንዙ ጠባቂ መጣ። ወጣት ነው፤ ትሑት ነው። ወንዙ የሚከፈተው ጁን አሥራ ስድስት መሆኑን ነገረን።

"በእኛ ስንት ነው?" አሉኝ አባቴ።

"ሰኔ ዘጠኝ።"

"ታዲያ እኮ የሰኔ ጾም ይገባል። ወንዙ ሲፈስክ እኛ ልንጾም?"

ሳቅኩ። እሳቸው ግን አልሳቁም። ግራ እጃቸው ቀኙን ጭምቅ አድርጎ ይዞ ነበር። ከማርች እስከዚያ ቀን ድረስ ብቻ መንቀጥቀጡ ከጣት ወደ ክንድ ወጥቷል፤ ሰኔ ድረስ የት እንደሚደርስ ሁለታችንም አሰብን። ጠባቂውን ምንም የሚፈቀድ ነገር የለም ወይ ብዬ እንደ ለማኝ ጠየቅኩት።

አለ። ሐይቅና ኩሬ አብዛኛው ክፍት ነው። ወንዝ ላይ ደግሞ ትራውት የሚባለውን የአሳ ዓይነት ማጥመድ ይፈቀዳል። ግን ትራውት ያለበት ወንዝ መሆን አለበት፣ የባለቤቱ ፈቃድ ያስፈልጋል፣ በእኛ አካባቢ ደግሞ የሚጠመደው በዝንብ ብቻ ነው፤ ከላባና ከክር በሚሠራ ዝንብ። ትል አይቻልም፤ ዳቦም አይቻልም።

ስተረጉምላቸው ፊታቸው ፈካ አለ። "አየሽ፣ እነሱም ጋ ይበላል አይበላም አለ" አሉ።

ኩሬውን በማግስቱ ሞከርነው። መናፈሻ ውስጥ ነው፤ ዙሪያውን ሕፃናት ዳክዬ ይቀልባሉ። አባቴ አንዴ አዩትና፣ "ይሄ ገንዳ ነው፤ የሚሄድ ውሃ ነው ያልኩሽ" ብለው ተመለሱ። ጭቅጭቃቸው አንዳንዴ ትዕግሥት ያስጨርሳል።

ስለዚህ ትራውት ሆነ። በሜትሮፖሊታን የባቡር መስመር መጨረሻ አካባቢ፣ ከጣቢያው በእግር የሚደረስ ትንሽ ወንዝ አገኘሁ። የሚጠብቀው ክለብ የቀን ፈቃድ ይሸጣል፤ የዝንብ ዘንግም ያከራያል። ሥራ ቦታ ሺፍት ተለዋወጥኩና አንድ የሜይ ጠዋት ሄድን። ውሃው ከሥሩ ያለው ጠጠር አንድ በአንድ የሚታይበት ነው። አባቴ ገና ከድልድዩ ላይ ሆነው ትራውቷን አዩ፤ እኔ ግን ጣታቸውን ተከትዬም አልታየኝም። እሳቸው ሲያሳዩኝ ጣታቸው ከወዲህ ወዲያ ይላል፤ እሷ ግን አንድ ቦታ ላይ ጅራቷን እያወዛወዘች ቆማለች።

ዝንብ ክብደት የላትም። የምትወረወረው በእጅ አንጓ ነው፤ ወደ ኋላ፣ ቆም፣ ወደ ፊት። ክለቡ ውስጥ ያገኘነው ሰውዬ ደጋግሞ አሳያቸው። አባቴ ሞከሩ። ክሩ ትከሻቸው ላይ ተጠመጠመ። ሞከሩ፤ ሣሩ ላይ ወደቀ። ሞከሩ፤ ኮፍያቸውን ይዞ ሄደ። ሰውዬው ወደ ላይኛው ድልድይ ሲሄድ ላብ አጥምቋቸው ነበር።

ከቦርሳዬ የእርጎ ጣሳ አወጣሁ። በዋዜማው ከሕንፃችን ጀርባ ካለው ሣር ቆፍሬ ያወጣኋቸው ትሎች ነበሩበት።

"አባዬ፣ ማንም የለም። በዚህ ይሞክሩ።"

ጣሳውን አዩ፤ እኔን አዩ። "ምን ተባልን?"

"በዝንብ ብቻ። ግን ማን ያያል?"

"ልጄ፣ ቄሱ እቤታችን መጥተው ድስት አይከፍቱም" አሉኝ። "ዕድሜዬን ሙሉ የጾምኩት ታዲያ ማን እያየኝ ነው?"

"ለሰኔ እጅዎ እንቢ ቢልስ?" አልኩ። ቃሉ ከአፌ ከወጣ በኋላ ራሴን ጠላሁት።

እሳቸው አልተቆጡም። "እንቢ ካለ እንቢ አለ። አሳዋም እናት ናት፤ ሕጉ ጠብቋት ነው የተቀመጠችው። እኔ ቸኮልኩ ብዬ አላባርራትም" አሉና ትሎቹን ራሳቸው ሣሩ ላይ ደፉልኝ። ከዚያ ድልድዩ ላይ ተደግፈው ትራውቷን እስኪመሽ አዩ። እኔ አጠገባቸው ቆሜ በወንዙም፣ በሕጉም፣ በአባቴም ተናድጄ ነበር። ባቡር ውስጥ ትከሻዬ ላይ እንቅልፍ ወሰዳቸው።

ወንዙ በተከፈተበት ቀን ሊ ዳር በማለዳ ደረስን። ያ እንግሊዛዊ ሽማግሌ ወንበሩን ዘርግቶ ነበር፤ ከሩቅ ኮፍያውን አነሳላቸው። አባቴ መንጠቆውን ከክሩ ጋር ሊያስሩ ሞከሩ። ደጋግመው ሞከሩ። ከዚያ ሁለቱንም ወደ እኔ ዘረጉ።

"እሰሪልኝ።"

ልጅ ሆኜ መንጠቋቸውን ስነካ እጄን ይመቱኝ ነበር። "ክሩን ምራቅ አስነኪው፤ አሁን ዙሪያውን ጠምጥሚው፤ አዎ" እያሉ ነገሩኝ። አሰርኩ። ዳቦውን ሰካሁ። ዘንጉን ለራሳቸው ሰጠኋቸው፤ ክሩንም ራሳቸው ጣሉት፣ ቅርብ ቢሆንም።

ክሩ ላይ ታስራ ውሃው ላይ የምትንሳፈፈው ቀይ ቡሽ ገና ሳትረጋ ትደንስ ጀመር። አባቴ ትኩር ብለው አዩዋት። እጃቸውን አዩ፤ ደግመው ቡሿን አዩ።

"አሳው ነው ወይስ እኔ ነኝ?" አሉኝ።

እጄን እጃቸው ላይ ጫንኩና ከነዘንጉ አጥብቄ ያዝኩት። መንቀጥቀጡ ከሥር እየገፋኝ ቀስ በቀስ በረደ። ቡሿ ቆመች። ትንሽ ቆይታ፣ እጃችን ምንም ሳይንቀሳቀስ፣ ስምጥ አለች።

"አሳው ነው፣ አባዬ።"

እጃቸውን ከእጄ ሥር ቀስ አድርገው አወጡት።

"በይ ሳቢ" አሉኝ።