የመጀመሪያው «በቃኝ»

እጄ አያርፍም። ፋብሪካ ውስጥ ማሽን ስጠግን ውዬ ቤት ስገባ እንኳ ወይ የበር ማጠፊያ እፈታለሁ፣ ወይ ሚስቴን እኮረኩራለሁ። እሷ የይፋግ ቄስ ልጅ ናት፤ ዝምተኛ፣ ቁጥብ። ስትኮረኮር ግን ያ ሁሉ ቁጥብነት ድራሹ ይጠፋል። በሳቅ ስትፈርስ ማየት ደስ ይለኝ ነበር። እሷም ትወደው ነበር፤ አንዳንድ ቀን ራሷ መጥታ ጎኔን ነካ አድርጋኝ ትሮጣለች።

ችግሩ አስተዳደጌ ነው። እናቴ ቤት በመጀመሪያው «በቃኝ» የሚተው ሰው የለም። እንግዳው በቃኝ ሲል በሞቴ ይባላል፣ ሲደግም አፈር ስሆን ይባላል፣ ሦስተኛ ቢል እንኳ አንድ ጉርሻ ሳይውጥ አይለቀቅም። ቶሎ እጁን የሰበሰበ ንፉግ ነው። እኔ ሞኙ ይህንኑ ይዤ ኩርኮራ ውስጥ ገባሁ።

አንድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ሶፋው ላይ ጎኗን ያዝሁ። እየሳቀች በቃኝ አለች። ጨመርሁ። እንደገና በቃኝ ስትል «በሞቴ» ብዬ አሾፍሁባት፤ ሁለት እጆቿን በአንድ እጄ ይዤ ነበር። ሦስተኛውን መናገር አልቻለችም፣ ትንፋሽ አጥሯታል። ለማምለጥ ስትወራጭ ከሶፋው ወደቀችና ክርኗ ከጠረጴዛው ጠርዝ ጋር ተጋጨ። እኔ አሁንም እስቅ ነበር። ፊቷን ሳየው ክው ብዬ ቀረሁ።

«ሳቄን አየህና ደስ ያለኝ መሰለህ? ሳቁ እኮ አልቆም ብሎኝ ነው። እየሳቅሁ ፈርቼህ ነበር» አለችኝ።

ከዚያች ቀን ወዲህ የውሃውን ጆግ ላነሳ እጄን ስዘረጋ እንኳ ክርኗን ወደ ጎኗ ትሰበስብ ጀመር። ወይ ነዶ! ያንን እያየሁ ቤት መቀመጥ አቃተኝ። ከሥራ ስወጣ በከተማችን ሐይቅ ዳር ከወደቡ እስከ ዓባይ መውጫ እመላለሳለሁ፤ እጄን ኪሴ እከታለሁ፣ አወጣለሁ፣ ደግሞ እከታለሁ። ይቅርታ ጠይቄያታለሁ፣ እሺም ብላኛለች። ክርኗ ግን እሺ አላለኝም።

እንዲያ እያለን አንድ ቅዳሜ ለምሳ ሐይቁ ዳር አሳ ልንበላ ሄድን። ከተጠበሰው ቆሮሶ አሳ እሾሁን ለቅሜ አጎረስኋት። ሁለተኛውን ሳነሳ በቃኝ አለች። አፈር ስሆን ልል ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር፤ ዋጥሁትና ጉርሻውን ራሴ በላሁት። አጠገባችን የተቀመጡት ሴትዮ በንፉግነቴ ሳያዝኑ አልቀሩም። ሚስቴ ግን ትክ ብላ አየችኝ።

ቤት ስንገባ ጠረጴዛውን ወደ ግድግዳው ገፋች፣ ፍራሽ መሬት ላይ ዘረጋች፣ ጫማዋን አወለቀች። ከዚያ ነገረችኝ። መንካት የምችለው ውስጥ እግሯን ብቻ ነው፤ ጎንና አንገት አይነካም፣ እጇም አይያዝም። በሳቅ መሐል አፏ ስለማይታዘዛት ወለሉን ሁለቴ መታ መታ ካደረገች አቆማለሁ። ባላቆምስ ብዬ አልጠየቅሁም፤ ምን እንደማጣ አውቀዋለሁ።

«አንዴ ነው የምሞክርህ» አለችኝ።

በጣቴ ጫፍ ጀመርሁ። ሳቀች፣ ተንፈራገጠች። እኔ ግን ዓይኔ ወለሉ ላይ ካለው እጇ አልተነቀለም። አንዴ መታ አደረገች። ሁለተኛው ገና ወለሉን ሲነካ እጆቼን ሁለቱንም እንደ ምርኮኛ ወደ ላይ አነሳሁ። ትንፋሿ እስኪመለስ እንዲያው ተቀመጥሁ፤ በሕይወቴ እጄ እንዲያ አርፎ አያውቅም። የሳቅ እንባዋን ጠረገች። ከዚያ እግሯን መልሳ ዘረጋችልኝ።