የእትዬ ዛሂራ የቅቤ ተራ

እትዬ ዛሂራ የቅርጫት ኳስ ነጥብ እንዴት እንደሚቆጠር እስከ መጨረሻው አልገባቸውም። ሥራቸው ገበያ ውስጥ ቡላ መሸጥ ነው። ግን በ1998 በደሞዝ የተቀጠሩት የሆሳዕና ተጫዋቾች እሳቸው ግቢ ተከራይተው ስለነበር፣ ቡድኑን ፊታቸው ማማት አይቻልም ነበር። ከጃጁራ ከተማ የመጣ አንድ ደንበኛ በተጫዋቾቹ ሲስቅ፣ የመዘኑለትን ቡላ መልሰው ጆንያው ውስጥ ገለበጡት።

የሰፈሩ ሴቶች በየሳምንቱ ቅቤ የሚያዋጡበት ዊጆ አላቸው፤ የተሰበሰበውን በተራ ይወስዳሉ። ውድድሩ ሲጀመር ተራው የእትዬ ዛሂራ ሆነ። ቅቤውን አንጥረው አስቀመጡና፣ «መጀመሪያ ያሸነፉ ቀን አተካና እሠራላቸዋለሁ» አሉ። አተካና በቡላ፣ በወተትና በቅቤ የሚሠራ የክብር ምግባችን ነው።

ቡድኑ ዱራሜ ሄዶ ተሸነፈ። እዚሁ ሜዳው ላይ፣ እትዬ ዛሂራ ጃንጥላ ይዘው ዳኛውን እየረገሙም ተሸነፈ። በሄዱበት ሁሉ «ቅቤው ደህና ነው?» እያለ የሚያሾፍባቸው በዛ።

የመጨረሻው ጨዋታም በሽንፈት አለቀ። ልጆቹ አንገታቸውን ደፍተው ሲመለሱ ግቢውን የቅቤ ሽታ ሞልቶታል። አተካናው ቀርቦ ይጠብቃቸዋል። አምበሉ አሸብር በሩ ላይ ቆመ።

«እትዬ፣ እኛ እኮ ዛሬም ተሸንፈናል» አላቸው።

«ነግረውኛል» አሉ ቆጣ ብለው። «አራስ አተካና የምትበላው ማንን አሸነፍሽ ተብላ ነው? ደክሟት አይደል? በል እጅህን ታጠብና ተቀመጥ።»