"ሱባኤ ላይ ናቸው"

ዛሬ 880 ሃይዌይ ላይ መኪና እየነዳሁ አለቀስኩ። ያስለቀሰኝ ደግሞ አይቼው የማላውቅ፣ ከሞተ ብዙ ዘመን ያለፈው የቡታን መነኩሴ ነው።

ልጄ ለዕረፍት ቡታን ልትሄድ ነው። ከኦክላንድ ወደ ፍሪሞንት ሳደርሳት፣ ለተጓዦች የተጻፈውን የአገሩን ታሪክ ከስልኳ ታነብልኛለች። ትራፊኩ አላላውስ ስላለን የጥንቱን ሁሉ ሰማሁ።

ያንን የቡድሂስት መንግሥት የመሠረተው ከቲቤት ሸሽቶ የመጣ መነኩሴ ነው። ሲሞት ሹማምንቱ አገሩ እንዳይፈርስ ብለው ሞቱን ደበቁ። "ሱባኤ ላይ ናቸው" እያሉ ለብዙ ዓመታት ምግብ በሩ ድረስ ይወስዱለት ነበር።

ለካ መርዶ መደበቅ የኛ ብቻ ፓተንት አይደለም!

"ማሚ፣ እንዴት እንደዚህ ይዋሻሉ?" አለችኝ ልጄ፣ በእንግሊዝኛ።

እኔ ግን አባባን እያሰብኩ ነበር። አገር ቤት ስደውል እህቴ "ጸበል ገብተዋል፤ እዚያ ስልክ አይፈቀድም" ትለኝ ነበር። የጸበሉን ብርድ ፈርቼ በሰው እጅ ሹራብ ላክሁላቸው። "ደርሷቸዋል፤ ልክክ ብሏቸዋል" አለችኝ። ደስታዬን አልነግራችሁም።

ከዚያ አንድ ቅዳሜ ማለዳ፣ የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌዎች ነጠላቸውን ለብሰው በሬን አንኳኩ።

ያኔ እህቴን ክፉኛ ተቀየምኳት። ዛሬ ግን የናፈቀኝ ያ ውሸቷ ነው። ሱቅ ውስጥ ቆሜ "ቡናማው ይሻላቸው ይሆን ግራጫው?" እያልኩ ሳማርጥ፣ አባባ በሕይወት ነበሩ።

እናንተስ፣ "ጸበል ገብተዋል" ተብላችሁ ምን ላካችሁ?