«የእሷ ነው» ያለችብኝ ቀን

ክፍሉ መስኮት አልነበረውም። ግድግዳው ላይ የተበየደ የብረት አግዳሚ፣ ጥግ ላይ ክዳን የሌለው ሽንት ቤት፣ የበረኪና ሽታ። የጫማዬን ማሰሪያ ስለወሰዱብኝ እግሬን እየጎተትኩ ገባሁ።

የሃይስኩል ተማሪ ነበርኩ። የዚያን ቀን ረፋድ ጎረቤት ከተማ አሌክሳንድሪያ ውስጥ አንድ አዳራሽ ቆሜ፣ ከቤተሰብ መድኃኒት የሚሰረቅ የሕመም ማስታገሻ እንዴት እንደሚገድል ለእኩዮቼ ሳስረዳ ነበር። ከምንኖርበት ከሲልቨር ስፕሪንግ አብራኝ የሄደችው ከልጅነቴ ጀምሮ ያልተለየችኝ ጓደኛዬ ናት። እኔ ስናገር እሷ ሱሰኛዋን ሆና ትተውን ነበር። ሁሌም ይጨበጨብላት ነበር።

ስንመለስ ፖሊስ አስቆመን። የምትነዳው እሷ ነበረች። ፖሊሱ እስኪደርስ ጎንበስ ብላ እግሬ ሥር ያለውን ቦርሳዬን ስትነካካ አየኋት፤ ስልኳን የምትፈልግ መስሎኝ ነበር። ፖሊሱ ሲፈትሽ ከቦርሳዬ ክኒኖች ወጡ፤ የማን እንደሆኑ ጠየቀ።

«የእሷ ነው» አለች፣ ወደ እኔ ሳትዞር።

እሷን አባቷ መጥቶ ወሰዳት። እኔ ወደዚያ የፖሊስ ጣቢያ ክፍል ገባሁ።

አግዳሚው ላይ በእኔ ዕድሜ ያለች ልጅ ጋደም ብላለች። ሱቅ ውስጥ ስትሰርቅ እንደያዟት ነገረችኝ። ቆይታ አንደበቷ ተሳሰረ፤ ከንፈሯ ገረጣ። ምን እንደወሰደች ደጋግሜ ጠየቅኳት። ሳይፈትሿት በፊት የያዘችውን ክኒን በሙሉ ውጣዋለች። ከተናገርሽ ክስ ይጨምሩብኛል፣ ለማንም እንዳትነግሪ ብላ ለመነችኝ።

በዚያ ቀን በሰው ላይ የምናገር ሰው መሆን አልፈለግኩም። ግን ዓይኗ እየተከደነ ነበር። ተነስቼ ፊቷ ቆምኩ።

«እነግራቸዋለሁ» አልኳት። «መጀመሪያ ግን ለአንቺ እየነገርኩሽ ነው።»

ሰደበችኝ። በሩን በመዳፌ እየደበደብኩ ተጣራሁ፤ የመጣ የለም። በጎኗ አስተኛኋትና እንዳታንቀላፋ ስለ እህቶቿ እየጠየቅኩ እንደገና ጮህኩ። በመጨረሻ አንዲት ፖሊስ ዝም እንድል ልትነግረኝ በሩን ከፈተች። ልጅቷ የዋጠችውን ነገርኳት። ልጅቷን ተሸክመው አወጧት። መትረፏን የሰማሁት ስፈታ፣ ከዚያችው ፖሊስ ነው።

አባቴ ክሪስታል ሲቲ ከሚሠራበት ሆቴል የሥራ ልብሱን እንደለበሰ መጣ። ሀገር ቤት በፖለቲካ ምክንያት ታስሮ ነበር፤ ስለዚያ አያወራም። መኪና ውስጥ ስለ ክኒኑ አልጠየቀኝም።

«ማነው አሳልፎ የሰጠሽ?» አለኝ።

ነገርኩት።

«እኔንም የጠቆመኝ አብሮ አደጌ ነበር» አለ።

ክሱ ከጊዜ በኋላ ተዘጋ። ጓደኛዬ ኮል አላደረገችልኝም። ከዓመታት በኋላ ሠርግ ላይ አገኘኋት፤ አቅፋ ሳመችኝ፣ ልጇን አሳየችኝ። ያንን ቀን ታነሳው እንደሆነ ጠበቅኩ። ስለ ቤልትዌይ አውራ ጎዳና ትራፊክ አወራችኝ።

እዚያ ክፍል የነበረችውን ልጅ ዳግመኛ አላየኋትም። አንዳንዴ ትዝ ትለኛለች፤ ስድቧ ሳይቀር። እሷ ግን ዓይን ዓይኔን እያየች ነበር የሰደበችኝ።