የዳልቻ ቀንበር

ባለፈው ሰሞን ደብረ ማርቆስ አንድ ምግብ ቤት ገብቼ፣ ለጌጥ ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ቀንበር ባየሁ ጊዜ የጠቀለልኩትን ጉርሻ መልሼ አስቀመጥኩ።

በጣሊያን ጊዜ አባቴ የነበረው አንድ በሬ ነው፤ ዳልቻ የምንለው። ከጎረቤታችን በሬ ጋር እያቀናጀ ያርስበት ነበር። ለዘር የተበደረውን አምስት ጠገራ ብር ለመክፈል ጣሊያኖች በሚያሠሩት መንገድ ድንጋይ ይፈልጥ ጀመር። ሥራው አንድ ሳምንት ይገኛል፣ ሁለት ሳምንት ይጠፋል። የሚከፈለውም የወረቀት ሊሬ ነበር።

ሊሬውን አጠራቅሞ ሲወስድላቸው አበዳሪው ሽማግሌ አገላብጠው አዩና መለሱለት።

«እኔ የሰጠሁህ ብር ነው ልጄ። ይኸ ጣሊያን ሲሄድ አብሮት ይሄዳል።»

ዳልቻ ለዕዳው ተነዳ። ጎረቤታችንም መቀናጆ አጡ። አባቴ ቀንበሩን ከመደቡ በላይ ሰቅሎ፣ ጠፍሩ እንዳይደርቅ በየክረምቱ መግቢያ በቅቤ ያሸው ነበር። ሳለቅስ ሲያየኝ፣ «አይዞሽ፣ ቀንበር ካለ በሬ አይጠፋም» ይለኛል። በሬ ሳይገዛ ሞተ።

አስተናጋጇ መጥታ፣ «አልጣመዎትም እማማ?» አለችኝ።

«ጠፍሩን ቅቤ ትቀቡታላችሁ?» አልኳት።

ሳቅ አለች።

«ማን ሊያርስበት፣ እማማ?»