ምዋሊሙ ሲሉት የሚከፋው ሰውዬ

የሰውየው ቀን የሚፈጀው አንድ ሻይ፣ ሁለት ማንዳዚ የሚሉት በዘይት የተጠበሰ ዳቦና የጫማ ማስጠረጊያ ገንዘብ ነው፤ ከሁሉም የሚበልጠው የጫማው ወጪ ነው። እዚህ ኪሱሙ ከተማ፣ የሰፈራችን ትምህርት ቤት አስተማሪ አጥቶ ልጆቻችንን አንድ ክፍል ሲያጉር፣ ይሄ በመምህርነት የተመረቀ ሰውዬ ሻይ ቤት ተጎልቶ ክራባቱን ያቃናል።

ሻይ ሻጯ፣ "ምዋሊሙ፣ ልድገምህ?" ስትለው ፊቱ ይጠቁራል።

"አስተማሪ አይደለሁም፣ ማማ! የትምህርት ፕሮጀክት ባለሙያ ነኝ።"

"ታዲያ ፕሮጀክቱ የታለ?"

"ሰኞ አንድ የእርዳታ ድርጅት ቃለ መጠይቅ አለኝ።"

ለቃለ መጠይቁ፣ ከልጆች ጋር ሲሠራ የተነሣውን ፎቶ ይዞ እንዲቀርብ ተነግሮታል። ልጅ ሲያይ መንገድ የሚሻገር ሰው ከየት ያምጣ? ስለዚህ ያገኘውን ወላጅ ሁሉ፣ እናንተንም ጭምር፣ እንዲህ ብሎ ይለምናል፦

"ልጃችሁን ለአንድ ፎቶ አውሱኝ። ብቻ ዩኒፎርሙ ቀደድ ያለ ይሁን።"