የጋሽ አብዱልሃሚድ መጠቅለያ ወረቀት

ነገሌ ውስጥ ማትሪክ ያለፈ ሰው ሁሉ አስተማሪዎቹን ያመሰግናል። እኔም አመሰግናለሁ፤ ቅድሚያውን ግን የእንግሊዝኛ ፊደል ለማይለዩ አንድ ባለሱቅ እሰጣለሁ። አስተማሪዎቼ ቢቀየሙኝም እውነቱ ይኸው ነው።

ጋሽ አብዱልሃሚድ ተወልደው ያደጉት ሜጋ ነው። አባታቸው በመኪናው መንገድ ዳር ጨውና ሻይ ቅጠል ይሸጡ ስለነበር፣ እሳቸውም ጥርሳቸውን የነቀሉት ሚዛን ሥር ነው። ትምህርት ቤት አልገቡም። አማርኛ ማንበብ የተማሩት ጢማቸው ሸበት ካለ በኋላ፣ በመሠረተ ትምህርት ጊዜ፣ ከሚስታቸው ከሸምሳ ጎን ተቀምጠው ነው። ሸምሳ ቀድማቸው ጨረሰች። ሰው በዚህ ሲተርባቸው "እሷ ሥራ ስለሌላት ነው" ይላሉ። ሱቁን ግማሽ ቀን የምትይዘው ግን እሷው ነበረች።

ሱቃቸው ከጦር ሰፈሩ ወደ ገበያ በሚወስደው መንገድ ላይ ነበር። እኛ የሰፈሩ ልጆች ነን። አባቴ ሃምሳ አለቃ ወልደገብርኤል ወደ ሰሜን ከዘመተ ሁለት ዓመት ሆኖት ነበር፤ በሚልከው ደብዳቤ ሁሉ መጨረሻ ላይ "አመለወርቅ ማትሪኳን እንዳትዘነጋ" የሚል አይጠፋም። ማትሪክ ማለት የአሥራ ሁለት ዓመት ትምህርት በጥቂት ቀን የሚመዘንበት ነው። ነጥብሽ ከሞላ ዩኒቨርሲቲ፣ ካልሞላ እናትሽ ቤት። ሂሳብና እንግሊዝኛ ደግሞ ቢያንስ ሲ ካልመጣ የቀረው ሁሉ ኤ ቢሆን ዋጋ የለውም ይሉን ነበር። እኔና እንግሊዝኛ ከሰባተኛ ክፍል ጀምሮ እንደተኳረፍን ነበር።

ያኔ ሱቅ ሁሉ የሚጠቀልለው በአሮጌ ወረቀት ነው። በሰባ ስምንት ዓመተ ምሕረት፣ ወደ ሻኪሶ የተዛወረ አንድ አስተማሪ ለጋሽ አብዱልሃሚድ አንድ ጆንያ ወረቀት በኪሎ ሸጦላቸው ሄደ። አንድ ቀን ሻይ ቅጠል ልገዛ ስገባ ከባንኮኒው ሥር ጥቂት ገጽ አወጡ።

"ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ይሄ ያንቺ ነገር አይደለም?"

ሦስት ማዕዘንና ክብ የተሣለባቸው፣ በስቴንስል የተባዙ፣ ያለፉ ዓመታት የማትሪክ ጥያቄዎች ነበሩ። ጉልበታቸውን ልስም ምንም አልቀረኝም። ከዚያ በኋላ በሄድኩ ቁጥር ከጆንያው ሥዕል ያለበትን እየመረጡ ይሰጡኝ ጀመር፤ ሦስት ሳምንት ሙሉ ሂሳብ ስሠራ ከረምኩ።

በአራተኛው ሳምንት እናቴ፣ ወይዘሮ ደመቀች፣ ቀረፋ ገዝታ መጣች። ጥቅልሉን ስፈታው በእንግሊዝኛ የተጻፈ ምንባብና ከሥሩ አምስት ጥያቄ አየሁ። ግማሹ ተቀድዷል። ነጠላዬን እንኳ ሳላነሳ ሮጥኩ።

"ጋሽ አብዱልሃሚድ፣ እንዲህ ያለ ወረቀት ሌላም ነበረዎት?"

"ሥዕል የሌለው? ብዙ ነበር። የሰው ደብዳቤ መስሎኝ ጠቀለልኩበት፣ አለቀ።"

"ደብዳቤ አይደለም፤ የእንግሊዝኛ ፈተና ነው!"

"ፈተና ሂሳብ አይደለም እንዴ?"

ነጋዴ ናቸው። ለሳቸው ሰው ተፈተነ ማለት ሂሳብ ቻለ ማለት ነው። እንግሊዝኛ ከወደቅኩ ሂሳቡ እንደማያድነኝ ስነግራቸው ሚዛኑን ለቀው ራሳቸውን ያዙ።

"ያ ረቢ! ሸምሳ! የልጅቱን ዩኒቨርሲቲ ቀረፋ ጠቅልዬበት ሸጥኩት!"

እኔም በልቤ ሰደብኳቸው። ዛሬ ሳስበው ያሳፍረኛል፤ ያን ቀን ግን ቤቴ ገብቼ አለቀስኩ።

በማግስቱ ጋሽ አብዱልሃሚድ ለመጣው ደንበኛ ሁሉ "የጠቀለልኩበትን ወረቀት መልሱልኝ፤ ለአንዱ ሁለት ከረሜላ እሰጣለሁ" ማለት ጀመሩ። የሰፈሩ ሕፃናት ቆሻሻ መጣያውን ገለበጡት። የመብራት ደረሰኝ መጣ፤ የመድኃኒት ማዘዣ መጣ፤ አንድ የፍቅር ደብዳቤም መጣ፣ እሱን ሸምሳ ሳታነብ አልመለሰችውም። ከመሃል ግን እውነተኛው ይገኛል። እርድ የነካው፣ ቅርንፉድ ቅርንፉድ የሚል፣ የተጨማደደ። ሸምሳ በከሰል ካውያ እየተኮሰች ትዘረጋልኛለች።

ከአሬሮ በኩል ለገበያ ወተት ይዛ የምትመጣው ጉያቱም ወሬውን ሰማችና በሚቀጥለው ገበያ አራት ገጽ በጨርቅ ጠቅልላ አመጣች። አንዱም አልተቀደደም።

"አካም፣ ናጋ?" ብዬ ሰላምታ ካቀረብኩላት በኋላ "እንዴት ሳትጥይው?" አልኳት።

"ናጋ። እኔ ማንበብ አላውቅም" አለችኝ። "የተጻፈበት ነገር የሰው ጉዳይ ይሆናል ብዬ ነው ያስቀመጥኩት።"

ከረሜላውን ለልጆቿ ተቀብላ ሄደች።

ሠላሳ አንድ ገጽ ተሰበሰበ። እየደጋገምኩ ሠራሁት። ውጤቱ መጥቶ ሲለጠፍ ሂሳብ ኤ፣ እንግሊዝኛ ሲ! ቢ እንኳ አይደለችም፤ ግን ለኔ ከኤዋ ትበልጣለች፣ ነጥቤን ያስቆጠረችልኝ እሷ ናትና። በቀጥታ ወደ ሱቁ ሮጥኩ።

"ሲ ማለት ትልቅ ነው ትንሽ?" አሉኝ ጋሽ አብዱልሃሚድ።

"የምትበቃ ናት።"

"አልሐምዱሊላህ። የበቃ ነገር በረካ አለው" አሉና ባንኮኒው ላይ ተደፍተው አለቀሱ። ሸምሳ የቀረውን ከረሜላ ለመንደሩ ልጆች በተነችው። እናቴ ለአባቴ ጻፈችለት፤ ከግንባር የመጣው መልስ አንድ ገጽ ሙሉ ለጋሽ አብዱልሃሚድ ምስጋና ነበር። እኔ ራሴ ሱቃቸው ድረስ ወስጄ አነበብኩላቸው፤ ሦስት ጊዜ አስደገሙኝ።

ሁለተኛ ዓመት ጨርሼ ለክረምት ስመለስ፣ ከአውቶቡስ እንደወረድኩ ከቤቴ በፊት ወደሳቸው ሄድኩ። ሱቁ ውስጥ ሰው ስለነበር ከኋላ ቆምኩ፤ አላዩኝም። ሻይ ቅጠሉን መዝነው ከክምሩ አንድ ወረቀት አነሱ። ሥዕል የለበትም። ሊጠቀልሉበት ብለው ተዉትና፣ ደብተር ይዛ ተራዋን ለምትጠብቅ ተማሪ ዘረጉላት።

"ልጄ፣ እስቲ እይልኝ" አሏት። "ይሄ የሰው ዩኒቨርሲቲ ነው፣ ወይስ ልጠቅልልበት?"